እርጥብ ድንጋይ አይወጣም፡- የኢንዲያን ክሪክ ስንጥቆች

በአሜሪካ በዩታ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ኢንዲያን ክሪክ የሚባል በረሃማ ሸለቆ አለ። ሸለቆው ግራና ቀኙን በቀይ ገደል የታጠረ ሲሆን፣ ገደሉ ደግሞ ከጫፍ እስከ ሥሩ በቀጥታ በወረዱ ስንጥቆች የተሞላ ነው። በገደል መውጣት ስፖርት ዓለም ስለ ስንጥቅ ከተነሳ መጀመሪያ ከሚጠሩት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። እኔም ከምኖርበት ከዴንቨር ከተማ እየተነሳሁ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር፣ እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ።

አገር ቤት ያለችው እናቴ ይህን ስትሰማ፣ “ልጄ፣ ገደል ለመውጣት ብለህ ሰባት ሰዓት መኪና ትነዳለህ? ገደል አጥተን ነው እንዴ ያሳደግንህ?” ብላኛለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ወዳጆቼም አልፎ አልፎ ስለ ቦታውና ስለ ስፖርቱ ስለሚጠይቁኝ፣ በእነዚህ ጉዞዎች ያየሁትንና የተማርኩትን በአንድ ላይ ለመጻፍ ወሰንኩ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በኢንዲያን ክሪክ የእጁ አያያዝም፣ የብረቱ አቀማመጥም፣ የገመዱ ጥንካሬም የሚሠራው ድንጋዩ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ሌላው ዕውቀቱ አይጠቅመውም።

ቦታው የት ነው?

ከሞአብ ከተማ ወደ ደቡብ በአውራ ጎዳና ቁጥር 191 ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የሚታጠፍ ቁጥር 211 የሚባል መንገድ ይገኛል። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይገባና እ.ኤ.አ. በ1964 ወደተቋቋመው ካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ያመራል። ገደሎቹ ያሉት ከፓርኩ በፊት በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ነው።

ሸለቆው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ250 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በበጋቸው ወራት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ በክረምታቸው ደግሞ በረዶ ይጥላል። ለዚህ ነው ሰው የሚበዛው በሁለቱ መካከለኛ ወቅቶች የሆነው። በእነዚያ ወራት እንኳ ቀን በካናቴራ የዋለ ሰው ማታ ወፍራም ጃኬት ይፈልጋል።

ድንጋዩ ከምን ተሠራ?

ድንጋዩን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ዊንጌት ብለው ይጠሩታል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ዊንጌት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ትምህርት ቤቱ ነው። ይኸኛው ግን ስሙን ያገኘው በኒው ሜክሲኮ ግዛት ካለው ፎርት ዊንጌት ከተባለ ስፍራ ነው። ዛሬ ገደል ሆኖ የምናየው ድንጋይ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ እያነሳ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነበር። አሸዋው በላዩ ላይ በተደራረበው ክብደት ተጨምቆ፣ በመካከሉ በሚያልፈው ውኃ ውስጥ ባሉ ማዕድናት እየተጣበቀ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። ቀይ ቀለሙን የሰጠው የብረት ዝገት ነው።

ገደሉ ቀጥ ብሎ የቆመበትም ምክንያት አለው። ከዊንጌት በታች ቺንሌ የሚባል ለስላሳ ድንጋይ አለ፤ ከላዩ ደግሞ ካዬንታ የሚባል ጠንከር ያለ ንጣፍ እንደ ክዳን ተቀምጧል። የታችኛው በዝናብና በነፋስ ቶሎ ሲሸረሸር የላዩ ድጋፍ ያጣል። ድጋፍ ያጣው ድንጋይ ደግሞ በጥንት ጊዜ ምድር ስትንቀሳቀስ በተፈጠሩበት ስንጥቆች እየተገመሰ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ሁልጊዜ አዲስና ቀጥ ያለ ግድግዳ ይወጣል፤ ገና ያልተገመሱት ስንጥቆችም ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። አንዳንዱ ስንጥቅ ከሥር እስከ ላይ ስፋቱ ብዙም ሳይለወጥ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ኢንዲያን ክሪክን ልዩ ያደረገው ይህ እኩልነቱ ነው።

መያዝ ሳይሆን መሰንቀር

ሌላ ገደል ላይ ወጪው ጎበጥ ያለ ወይም ወጣ ያለ ድንጋይ እየፈለገ በጣቱ ይይዛል። እዚህ ግን የሚያዝ ነገር የለም። ከስንጥቁ ውጪ ያለው ግድግዳ እንደ ተለሰነ ቤት ልሙጥ ነው። ስለዚህ እጅና እግርን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ መሰንቀር ያስፈልጋል። የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ውስጥ ሲሰነቀር እንደምንለው ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲሆን እጅ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ ይገባል። ከዚያም አውራ ጣት ወደ መዳፍ ውስጥ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ የአውራ ጣት ሥር ሥጋ ያብጥና መዳፉን አንደኛው ግድግዳ ላይ፣ የእጁን ጀርባ ደግሞ ሌላኛው ግድግዳ ላይ ያጣብቀዋል። በደንብ ከተሠራ ያለ ብዙ ልፋት ተንጠልጥሎ ማረፍ ይቻላል። እግር ደግሞ ጉልበት ወደ ውጪ ተከፍቶ፣ የጫማው ሶል ወደ ጎን ዞሮ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጉልበቱ ሲቃና እግሩ ይጠመዘዝና ይቆለፋል። ክብደትን መሸከም ያለበት እግር ነው፤ እጅ ሚዛን ይጠብቃል እንጂ ሰውነትን አይጎትትም።

ስንጥቁ ከመዳፍ ሲሰፋ እጅ ይጨበጥና ጡጫው ወደ ጎን ይሰነቀራል። ሲጠብ ጣቶች ብቻ ገብተው ይጠመዘዛሉ። አስቸጋሪዎቹ በመካከል ያሉት ናቸው፤ ለጣት የሚሰፉ፣ ለመዳፍ ግን የሚጠቡ። ከጡጫ የሚሰፉ፣ ለሙሉ ሰውነት ግን የማይበቁም አሉ፤ እነዚያን የሚወጣ ሰው ክርንና ጉልበቱን፣ አንዳንዴም ትከሻውን ጭምር ይጠቀማል።

በዚህ የተነሳ የአንድ መንገድ ክብደት እንደየሰዉ እጅ ይለያያል። አሜሪካኖች የመንገድን ክብደት በ5 ጀምረው ከነጥብ በኋላ ቁጥር እየጨመሩ ይጽፋሉ፤ በኢንዲያን ክሪክ አብዛኛው መንገድ ከ5.10 በላይ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተሰጠው በአንድ ሰው እጅ ልክ ነው። እኔ እጄ ወፍራም ስለሆነ ጠባብ ስንጥቅ ላይ ስቸገር፣ ቀጫጭን እጅ ያላቸው ሴት ልጆች መዳፋቸውን ከተው እየሳቁ ሲያልፉኝ አይቻለሁ። ጉልበተኛ ነኝ ባይ ሁሉ ልኩን የሚያውቅበት ቦታ ነው።

ቆዳን ለመጠበቅ ወጪዎች የእጃቸውን ጀርባ በስፖርት ፕላስተር ይጠቀልላሉ፤ ወይም ለዚሁ የተሠራ ጎማ ያለው ጓንት ያደርጋሉ። ጌጣጌጥና ቀለበት ማውለቅ ግዴታ ነው። ቀለበት ያለበት ጣት ተሰንቅሮ ሰውነት ከወደቀ ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል።

ብረቶቹና ታሪካቸው

መሪው እየወጣ ሳለ በየጥቂት ሜትሩ ስንጥቁ ውስጥ ብረት ያስገባል፤ ገመዱንም በካራቢነር ያያይዘዋል። ከታች ያለው ገመድ ያዥ ገመዱን ይለቅለታል። መሪው ከወደቀ የመጨረሻው ብረት ይይዘዋል፤ ብረቱን በሁለት ሜትር አልፎት ከሆነ ቢያንስ አራት ሜትር ወድቆ ይቆማል ማለት ነው።

በድሮ ጊዜ ለዚህ የሚያገለግሉት ባለ ስድስት ጎን ብረቶችና ሽብልቅ የመሰሉ ቁርጥራጮች ነበሩ። እነዚህ በደንብ የሚይዙት ስንጥቁ ወደ ታች እየጠበበ ሲሄድ ነው። የኢንዲያን ክሪክ ስንጥቅ ደግሞ እኩል በመሆኑ አስተማማኝ አልነበሩም። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1976 ኧርል ዊጊንስ የተባለው ወጣት በእነዚያ መሣሪያዎች ብቻ እየተጠቀመ ሱፐርክራክ የሚባለውን ረጅም ስንጥቅ መርቶ ወጣ። ኤድ ዌብስተርና ብራያን ቤከርም አብረውት ነበሩ። የሸለቆው ስም በወጪዎች ዘንድ የገነነው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሬይ ጃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠረው ፍሬንድ የተባለ መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በጥቅሉ ካም ይባላል። ካም በምንጭ የሚከፈቱና የሚዘጉ ብዙውን ጊዜ አራት ጥምዝ ጥርሶች አሉት። ማስለቀቂያው ሲጎተት ጥርሶቹ ይሰበሰባሉ፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲለቀቅ ይከፈቱና ግድግዳውን ይነካሉ። ሰው ወድቆ ብረቱን ወደ ታች ሲጎትተው የጥርሶቹ ቅርጽ ኃይሉን ወደ ጎን ይለውጠዋል። በእያንዳንዱ ወገን ግድግዳውን የሚገፋው ኃይል ወደ ታች ከሚጎትተው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሰው ሲወድቅ የሚፈጠረው ጉተታ ደግሞ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስሌት ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካም የሚይዘው ግድግዳው ይህን ግፊት ሲችል ብቻ ነው። ብረቱ የሰውን ክብደት ብዙ እጥፍ እንዲችል ተፈትኖ ይሸጣል፤ ድንጋዩን ግን ማንም ፈትኖ አይሸጥልንም።

ሌላው ማወቅ የሚያስፈልገው፣ ስንጥቁ እኩል ስለሆነ አንድ መንገድ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ካም ደጋግሞ ይፈልጋል። ሌላ ቦታ ከእያንዳንዱ መጠን ሁለት ይበቃል። እዚህ ግን የአንዱን መጠን ስድስትና ከዚያ በላይ መያዝ የተለመደ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ መግዛት ስለሚከብደው ጓደኛሞች ብረታቸውን ያዋጣሉ። እኛም ማታ ማታ ሁሉንም ብረት ምንጣፍ ላይ ዘርግተን እንደ ዕቁብ ገንዘብ እየቆጠርን እንከፋፈላለን።

ዝናብ ሲመጣ

የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶቹ በስሱ የተጣበቁ አሸዋ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ስላለ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ሲጠጣ ማጣበቂያው ይላላል፤ ድንጋዩም ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል። ሲደርቅ ጥንካሬው ይመለሳል። ችግሩ ላይ ላዩ በፀሐይ በጥቂት ሰዓት ሲደርቅ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ነው። በዓይን የሚታየው ደረቅ ገደል ብዙ ሰው የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

በአምስተኛው ጉዞዬ ጥቅምት ላይ ሐሙስ ማታ ደረስን። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ከዋሽንግተን በአውሮፕላን መጥቶ ነው። ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጣችና ስድስት ሰዓት ላይ ገደሉ ሁሉ ደርቆ ቀይ ሆኖ ታየ።

“ስማ፣ ደርቋል እኮ! ሰኞ ሥራ እገባለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት?” አለኝ።

በአጠገባችን የሰፈሩ አንድ ሽበታም አሜሪካዊ መልስ ሳይሰጡ ከገደሉ ሥር ጎንበስ አሉና በጣታቸው አሸዋውን ቆፈሩት። ላዩ እንደ ዱቄት ይበናል። ከአንድ ጣት ጥልቀት በታች ግን ጠቆር ያለና በእጅ ሲጨበጥ የሚጣበቅ ነበር። “ነገ እንየው፤ ምናልባትም ከነገ ወዲያ” ብለው ቡናቸውን ሊያፈሉ ሄዱ። ጓደኛዬ ደስ አላለውም፤ እኔም በልቤ አልተቀበልኩትም ነበር። ሆኖም አልወጣንም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች ከእኛ ራቅ ብሎ በሚገኝ ግድግዳ ላይ መውጣት ጀመሩ። አሥር ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰማንና ሮጠን ሄድን። መሪው ወድቆ የመጀመሪያው ካም ግድግዳውን እየፋቀ ወጥቷል። ሁለተኛው ይዞት ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው ቆሟል። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ገመድ የያዘለት ጓደኛው ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ለመልቀቅ እንኳ ተቸግሮ ነበር። ካሙ ከነበረበት ቦታ ላይ በሁለቱም ግድግዳ በኩል ማረሻ ያለፈበት የሚመስል ጭረት ይታያል። እላዩም ላይ እርጥብ አሸዋ ነበር።

ጓደኛዬ አንዲትም ስንጥቅ ሳይነካ እሑድ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ። እኔ ፈቃዴ እስከ ማክሰኞ ስለነበር ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ከሥሩም ደርቆ ስላገኘሁት ከሽማግሌው ጋር ወጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ገደል ላይ የፈሰሰ ግን ላይለቀም ይችላል።

ጉዳቱ ለሰው ብቻ አይደለም። ያ ጭረት ዛሬም አለ። በአንድ ሰው ችኮላ የተፋቀ ወይም የተገመሰ ስንጥቅ ተመልሶ አይገጥምም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያገኘው የተበላሸውን ነው። ስለዚህ በወጪዎች ዘንድ የተለመደው ሕግ ከዝናብ በኋላ ቢያንስ ከ24 እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ ነው። ብርድ ከሆነ፣ ደመና ከሆነ ወይም ግድግዳው ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሰዓቱ መነሻ ነው፤ ዳኛው ከገደሉ ሥር ያለው አሸዋ ነው።

ሸለቆው የማን ነው?

የሸለቆው ስም የሚያመለክተው የህንድን ሰዎች ሳይሆን የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ነው። ከመንገዱ ዳር ኒውስፔፐር ሮክ፣ ማለትም የጋዜጣ ድንጋይ የሚባል ሰሌዳ አለ። በረጅም ዘመን የጠቆረውን የድንጋይ ገጽ እየወቀሩ ሰዎች የሠሯቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንስሳት፣ የሰውና የእግር ምስሎች ይታዩበታል። ቀደምቶቹ 2,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ይነገራል። ናቫሆዎች ታሪክ የሚናገር ድንጋይ ይሉታል። በጋዜጣ ለምንጽፍ ሰዎች የሚያስቀና ዕድሜ ነው። እንዲህ ዓይነት ምስሎች በመውጫ ግድግዳዎች አጠገብም ስለሚገኙ፣ መንካትም ሆነ በአጠገባቸው መውጣት አይገባም።

አካባቢው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 በፕሬዚዳንት ኦባማ ቤርስ ኢርስ በሚል ስም ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ታወጀ። ጥያቄውን ያቀረቡት ሆፒ፣ ናቫሆ፣ ዙኒና ሁለት የዩት ሕዝቦች በጋራ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ስፋቱን በ85 በመቶ ገደማ ቀነሱት። ፕሬዚዳንት ባይደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ወደ ነበረበት መለሱት። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስቱ ሕዝቦች ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በጋራ ለማስተዳደር ስምምነት ተፈራርመዋል። ለወጪው የመዝናኛ ቦታ የሆነው መሬት ለሌላው የአያት ቅድመ አያቱ መቃብርና የጸሎት ቦታ ነው።

ሌሎችም እንግድነታችንን የሚያስታውሱ ነገሮች አሉ። በጸደይ ወራት ጭልፊትና ንስር በተወሰኑ ግድግዳዎች ላይ ስለሚፈለፍሉ፣ የመሬት አስተዳደር ቢሮው እነዚያን ግድግዳዎች እንድንተዋቸው ይጠይቃል። በየመንገዱ ዳር የሚታየው ጠቆር ያለና የጎረበጠ አፈርም ሕይወት ያለው ነው፤ በጥቃቅን ተሕዋስያን የተሠራ ቅርፊት በመሆኑ አንዴ ከተረገጠ ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከተረገጠ መንገድ አለመውጣት ነው።

መሄድ ለሚፈልግ

ሰፈሩ ውስጥ የሚጠጣ ውኃ የለም። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ከሞአብ ወይም ከሞንቲሴሎ ከተማ ይዞ መግባት ያስፈልጋል። ሱቅና ነዳጅም እንዲሁ ከከተማ ነው። የስልክ ኔትወርክ በአብዛኛው ስለማይሠራ ለቤተሰብ የመመለሻ ቀን አስቀድሞ መንገር ይገባል። ሰው ቢጎዳ እርዳታ ቶሎ አይደርስም። ቆሻሻን፣ የሰው ዓይነ ምድርን ጭምር፣ ለዚህ በተሠራ ከረጢት ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ በረሃ ውስጥ የተቀበረ ነገር ቶሎ አይበሰብስም።

ከዕቃ 70 ሜትር ገመድ፣ የራስ ቁር፣ ሃርነስ፣ ጠንከር ያለ የመውጫ ጫማና ፕላስተር ዋነኞቹ ናቸው። ጀማሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ሰው ይያዝ። ገመዱ ከላይ ታስሮለት መሰንቀርን ሳይለማመድ መሪ ሆኖ መውጣት የለበትም። የጉዞውን ቀን ሲያቅድም ለዝናብ የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ትርፍ ቀን ይጨምር። ትርፍ ቀን የሌለው ሰው እርጥብ ድንጋይ ላይ ለመውጣት መፈተኑ አይቀርም።

የእኛው ድንጋይ

እናቴ ገደል አጥተን ነው እንዴ ያለችው እውነቷን ነው። በትግራይ በሐውዜን አካባቢ ያለው ገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ወደ አቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምዕመን ጫማውን አውልቆ፣ በድንጋዩ ላይ በተፈለፈሉና በእግር ብዛት በለሰለሱ መርገጫዎች እየተደገፈ ቀጥ ያለ ገደል ይወጣል። ካህናቱ ይህንን ለስፖርት ብለው ሳይሆን ለአገልግሎት ከጥንት ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል። አሜሪካዊቷ ወጪና ጸሐፊ ማይካ በርሃርት እ.ኤ.አ. በ2007 ከጓደኞቿ ጋር ወደ ትግራይ ሄዳ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎችን ወጥታ፣ ቨርቲካል ኢትዮጵያ የሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትማለች።

የአገራችን ወጣቶች በገመድና በካም ወደነዚህ ገደሎች መሄዳቸው አይቀርም፤ ቢሄዱም ደስ ይለኛል። ከዩታ ተውሰው ቢወስዱ የምመኘው ግን ብረቱን ብቻ አይደለም። የትኛው ገደል የጸሎት ቦታ እንደሆነ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው መጠየቅን፣ ዝናብ በዘነበ ማግስትም ፀሐይቱ ምንም ብትደምቅ ከገደሉ ሥር ጎንበስ ብሎ አሸዋውን በጣት መቆፈርን ነው። አሸዋው ከተጣበቀ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ነው።